ማይክሮፎኑ ላይ የታሰረው ጨርቅ

ቪዲዮውን ያስቆምኩት ገና ድምጿ ሳይሰማ ነው። ዓይኔ ያረፈው ማይክሮፎኑ ላይ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ከኋላው ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ፀጉሯን የተላጨች ወጣት ሴት ቆማለች። ጊዜው 2015 ነበር (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፣ አየርላንድ ከገባሁ ሦስት ወር ቢሆነኝ ነው። ጥገኝነት የጠየቅን ሰዎች ለአራት በምንተኛበት ክፍል ውስጥ አንድ ኤርትራዊ ጓደኛዬ ስልኩን አቀበለኝና «እያት እስቲ፣ የናንተን ባንዲራ ይዛ ምን እንደምትል» አለኝ።

ሺኔድ ኦኮነር ትባላለች። ስሟን ከዚያ በፊት አላውቀውም፤ ድምጿን ግን አዲስ አበባ እያለሁ ካፌ ውስጥ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። በዓለም ሁሉ የታወቀችበት ያ የፍቅር ዘፈን የማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር እንጂ።

መዝፈን ጀመረች። ጊታር የለም፣ ከበሮ የለም። እንግሊዝኛዬ ያኔ ደካማ ነበር፤ ቢሆንም ገና ከመጀመሪያዎቹ ስንኞች ከአልጋው ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። አንዱን ዘር የበላይ ሌላውን የበታች የሚያደርገው አስተሳሰብ ጨርሶ እስካልተጣለ ድረስ፣ ጦርነት አለ። ይህን እኮ አውቀዋለሁ! አባቴ በቃሉ የሚለው ነገር ነው።

አባቴ ማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅም ያረጀ ሰው ነው። ጃንሆይ በ1956 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ማለትም ኦክቶበር 4 ቀን 1963፣ ኒውዮርክ ላይ ለተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ንግግር ሲያደርጉ ተማሪ ነበር። ከ27 ዓመት በፊት ጄኔቭ ላይ አቤት ብለው ሰሚ ያጡት ንጉሥ ተመልሰው በአማርኛ ተናገሩ። አባቴ ከንግግሩ የሚወደው ቦታ የሰው የቆዳ ቀለም ከዓይኑ ቀለም የበለጠ ትርጉም የማይሰጠው ጊዜ እስኪመጣ ድረስ የሚለውን ነው። ጎረቤት ሲጣላ፣ ዜና ሲያበሳጨው፣ «የዓይኑ ቀለም!» ይልና ጣቱን ያነሳል። ቦብ ማርሌ በ1976 ያንን የንግግሩን ክፍል ዘፈን እንዳደረገው አውቅ ነበር። አንዲት የአየርላንድ ሴት በአሜሪካ ቴሌቪዥን፣ በቀጥታ ስርጭት፣ ያለ ምንም መሣሪያ እንደዘፈነችው ግን ማንም አልነገረኝም።

ዕለቱ ኦክቶበር 3 ቀን 1992 ነው። ከጃንሆይ ንግግር 29ኛ ዓመት በአንዲት ቀን ብቻ ይቀድማል።

ስለ ዘር መለያየት ያለውን ጀምራ መሀል ላይ ቃሉን ትለውጠዋለች። ማርሌ ስለ አንጎላ፣ ስለ ሞዛምቢክና ስለ ደቡብ አፍሪካ በሚዘፍንበት ቦታ እሷ የሕፃናትን መበደል አስገባች። መጨረሻ ላይ ንግግሩ በጎው ክፉውን እንደሚያሸንፍ እናምናለን ወደሚለው ሲደርስ፣ «ክፉ» የሚለው ቃል ላይ፣ የሮማውን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስን ፎቶ ከፍ አድርጋ ቀደደችው። ቁርጥራጩን ወደ ካሜራው ወረወረችና «እውነተኛውን ጠላት ተዋጉ» አለች። አጨብጫቢ የለም፣ ጯሂ የለም። በአጠገቧ ያሉትን ሻማዎች እፍ ብላ አጥፍታ ሄደች።

ያን ሌሊት ለአባቴ ደወልኩ። አዲስ አበባ ሊነጋ ነው፤ ዳዊት ሊደግም ተነስቶ ነበር። ነገሩን ሳስረዳው ቆይቶ «ያለ ሙዚቃ ነው ያልከኝ?» አለ።

«ያለ ምንም።»

«እንግዲያ ንግግር ነዋ ያደረገችው» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይችን ሴት እከተላታለሁ። ሥራ መሥራት አይፈቀድልንም ነበር፤ በሳምንት የሚሰጠን 19 ዩሮ ከ10 ሳንቲም ነው። ጊዜ ግን ሞልቶናል። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ሲዲዎቿን አንድ በአንድ ተዋስኩ፤ እንግሊዝኛዬንም ግማሹን የተማርኩት ከእሷ ነው ብል አላጋነንኩም።

በ1966 ደብሊን ውስጥ ተወለደች። ወላጆቿ ተለያዩ። እናቷ ክፉኛ ትደበድባት እንደነበር ዕድሜዋን ሙሉ ተናግራለች፤ ስለዚያ መናገርን ነውር አላደረገችውም። በ14 ዓመቷ ገደማ ስርቆት ለመደችና መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት ማረሚያ ቤት ተላከች። ግቢው ደብሊን ድረምኮንድራ የሚገኘው ሃይ ፓርክ ነው፤ «ወደቁ» የተባሉ ሴቶች ያለ ደመወዝ ልብስ ሲያጥቡ የኖሩበት። ከእነዚያ መነኮሳት አንዷ ጊታር ገዛችላት። ይህን ሁለቱንም አብራ ትናገር ነበር፤ ያሠቃያትን ቤትም፣ ጊታሩን የገዛችላትን መነኩሲትም። አንዱን ለሌላው ብላ አልደበቀችም። እኔ ከምወድላት ነገር የመጀመሪያው ይህ ነው።

እናቷ በ1985 በመኪና አደጋ ሞተች። ሺኔድ 18 ዓመቷ ነበር። እናቷ ቤት ሄዳ ከመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ አወረደች፤ ጳጳሱ በ1979 አየርላንድን ሲጎበኙ የተነሳ ነው። ሰባት ዓመት ይዛው ዞረች። በቴሌቪዥን የቀደደችው ያንኑ ፎቶ ነው። ብዙ ሰው ያን ሌሊት የቀደደችው ከጋዜጣ የተቆረጠ አንድ ተራ ምስል ይመስለዋል። ከእናቷ ግድግዳ የወረደ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቪዲዮውን ሳየው እጆቿን ነው የማየው።

የመጀመሪያው አልበሟ በ1987 ሲወጣ 20 ዓመቷ ነው። የሙዚቃ ኩባንያው ሰዎች ፀጉርሽን አሳድጊ፣ ሴት ምሰይ ሲሏት ሄዳ ተላጨችው። የመጀመሪያውን ቅጂ አልወደደችውም፤ ነፍሰ ጡር ሆና እንደገና ራሷ ፕሮዲዩስ አደረገችው። የአልበሙን ስም የወሰደችው አንበሳውንና እባቡን ስለ መርገጥ ከሚናገረው መዝሙር ነው፤ በእኛ ዳዊት 90ኛው፣ በእነሱ 91ኛው፣ «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለው። በአንደኛው ዘፈን መግቢያ ላይ የአየርላንዷ ዘፋኝ ኤንያ ያንኑ መዝሙር በአይሪሽ ቋንቋ ታነበዋለች። ከቤት የወጣሁ ጠዋት እናቴ በራሴ ላይ እጇን ጭና የደገመችልኝ ይኸው መዝሙር ነበር። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ግን ምን እያለች እንደሆነ አውቃለሁ። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው የዚያን ጠዋት የእናቴ የነጠላዋ ሽታ ሁሉ ይመጣብኛል።

በ1990 ሁለተኛው አልበም ወጣና ዓለም አወቃት። ያ የካፌው ዘፈን የተጻፈው በአሜሪካዊው ዘፋኝ በፕሪንስ ነው፤ እሱ ለሌላ ባንድ ሰጥቶት ብዙም ሳይሰማ ቀርቶ ነበር። ቪዲዮው ከሞላ ጎደል ፊቷ ብቻ ነው። እናቷ በጓሮ ስለተከለቻቸው አበቦች የሚናገረው ስንኝ ላይ ስትደርስ ሁለት እንባ ዱብ ይላል፤ ትወና አልነበረም፣ የሞተች እናቷን አስባ እንደሆነ ራሷ ተናግራለች። በዚያ ቪዲዮ በኤምቲቪ የዓመቱን ምርጥ ሽልማት የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1991 ግራሚ ሲሰጧት ግን አልቀበልም አለች፤ ሽልማቱ የሚያከብረው ሽያጭን ነው ብላ።

ያ አልበም ላይ ሰዎች የሚያልፉት አንድ ዘፈን አለ፤ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው እሱን ነው። ግጥሙ ጥንታዊ የአይሪሽ ግጥም ነው፤ የሚወዳት ሴት የሞተችበት ሰው መቃብሯ ላይ ተዘርሮ አልነሳም ይላል። ሙሾ ነው በአጭሩ። ሺኔድ ከሥሩ የጄምስ ብራውንን የከበሮ ምት አስገባችበት፤ ያ የሂፕ ሆፕ ልጆች ሁሉ የሚቀነጭቡት ምት ነው። ለረጅም ደቂቃ ጎልቶ የሚሰማው ይኸው ነው። ድምጿ ከላይ እንደ አልቃሽ ይንጎራደዳል፣ ከበሮው ከሥር ሳይታክት ይመታል። መጨረሻ ላይ ቫዮሊን ይገባና ለቅሶው በድንገት ወደ ጭፈራ ይገለበጣል። መጀመሪያ ስሰማው የመጣብኝ የአያቴ ለቅሶ ነው፤ ገጠር፣ ድንኳን ውስጥ፣ አልቃሿ ስሙን እየጠራች ስታወርደው፣ ደረት መቺዎቹ ምቱን ሲይዙላት። አልቃሿ ድምጿን ከፍ ልታደርግ ስትል ትንሽ ትዘገያለች፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ሺኔድም እዚያው ቦታ ላይ ትዘገያለች።

አየርላንዶች ያለ መሣሪያ የሚዘፈን የቆየ ስልት አላቸው፤ ስሙም በቋንቋቸው «የድሮው ስልት» እንደማለት ነው። በ2002 ሙሉ አልበም ለአገሯ የድሮ ዘፈኖች ሰጥታለች። የጃንሆይን ቃል ባዶ ድምጽ ይዛ ስትወጣ ያ የድሮው ስልት ከኋላዋ ቆሞ ይሰማኛል።

ፎቶውን ከቀደደች በኋላ የሆነው ሆነ። ኒውዮርክ ውስጥ ሲዲዎቿን በመንገድ መዳመጫ ሮለር አስረገጡ። 13 ቀን ቆይቶ፣ ኦክቶበር 16፣ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለቦብ ዲላን ክብር በተዘጋጀው ኮንሰርት ስትወጣ አዳራሹ በጩኸት ተቀበላት። ግማሹ ይደግፋታል፣ ግማሹ ይጮኽባታል። የተዘጋጀችው የዲላን ዘፈን ነበር። ፒያኖው ሲጀምርላት አስቆመችው። እጆቿን ወደ ታች ዘርግታ ዝም ብላ ቆመች። አሜሪካዊው ዘፋኝ ክሪስ ክሪስቶፈርሰን ከመድረክ እንዲያወርዳት ተልኮ መጣና በማውረድ ፈንታ ጆሮዋ ሥር አይዞሽ አላት። ከዚያ ያንኑ የጃንሆይን ቃል፣ ሁለተኛ ጊዜ፣ እየጮኸች አለችው። ስትጨርስ ወርዳ ክሪስቶፈርሰን ላይ ተጠመጠመች። ይህን ሁለተኛውን ከመጀመሪያው የበለጠ እወደዋለሁ። የመጀመሪያው ላይ ምን እንደሚመጣ አታውቅም፤ ሁለተኛው ላይ ግን እያወቀች ነው።

አሁን የማታ ሺፍት የምሠራው በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። እዚያ አንዲት እናት አሉ፤ በልቤ «እማማ» ነው የምላቸው። ሬዲዮ ሳይከፈት አይተኙም። አንድ ሌሊት የሺኔድ ዘፈን ሲመጣ ድምጹን ቀንስላቸዋለሁ ብዬ ስጠጋ እጄን ያዙኝ። «ካሴቷ መኪናዬ ውስጥ ነበር» አሉኝ። «በዚያ በፎቶው ጊዜ አውጥቼ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ልጄ አለቀሰች። እኔ ግን ትክክል ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ዝም አሉ። ብዙ ሳይቆዩ «በ93 እኮ መቃብሩን ቆፈሩት» አሉ።

የሚሉት ገባኝ። ሺኔድ ፎቶውን በቀደደች በዓመቱ፣ ያው ሃይ ፓርክ የሚባለው ግቢ መሬት ሲሸጥ፣ የልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች አስከሬን ከመሬት ወጣ። 155 ናቸው። እሷ በልጅነቷ የገባችበት ግቢ ማለት ነው። በ2009 የመንግሥት አጣሪዎች ሁለት ሪፖርት አወጡ፤ በቤተ ክርስቲያን ተቋማት ውስጥ በልጆች ላይ የተፈጸመው ግፍና ቀሳውስቱ እንዴት ሲሸፈኑ እንደኖሩ በዝርዝር ተጻፈ። በ2010 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ ለአየርላንድ ካቶሊኮች የይቅርታ ደብዳቤ ላኩ። በ2013 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤንዳ ኬኒ ፓርላማ ውስጥ ቆመው አጣቢዎቹን ሴቶች በመንግሥት ስም ይቅርታ ሲጠይቁ ሳግ ያዛቸው። እሷን ግን በግልጽ ይቅርታ የጠየቃት ጥቂት ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በ1994 ስለ ረሃብ ዘፍናለች፤ ስለ አየርላንድ ረሃብ፣ ከ1845 ጀምሮ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ስለጨረሰውና ከዚያ የማያንስ ሕዝብ ስላሰደደው። ድንቹ በሽታ መታው እንጂ አገሩ ውስጥ ሌላ እህልና ከብት ነበረ፤ በወታደር እየተጠበቀ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር፤ ታዲያ ረሃብ ብላችሁ አትጥሩት ትላለች። እኔ «የ77ቱ ድርቅ» ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ዓለም እኛን ያወቀን በዚያ ጊዜ የደብሊኑ ቦብ ጌልዶፍ ባሰባሰበው ዘፈን ነው፤ በየሄድኩበት አገር ስሜን ሳይጠይቁ ረሃቡን የጠየቁኝ ሰዎች አሉ። «ድርቅ» የሚለው ቃል ስንት ነገር እንደሚሸፍን ያሳየችኝ እሷ ናት። ድርቅ ከሰማይ ነው፤ እህሉ ወዴት እንደተጫነ መጠየቅ ግን የሰው ጉዳይ ነው። ደብሊን ወንዙ ዳር ረሃቡን የሚያስታውሱ የነሐስ ሐውልቶች አሉ፤ ከሲታ ሰዎች ጨርቅ ተከናንበው ወደ መርከብ ሲሄዱ። ከመካከላቸው አንዱ ሰው ትከሻው ላይ ልጅ ተሸክሟል። ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ አያቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሙያ ዘመኗን ሰዎች እንደ ውድቀት ይጽፉታል። እሷ ራሷ በ2021 ባወጣችው የሕይወት ታሪኳ የጻፈችው ተቃራኒውን ነው፤ ሙያዬን ከሐዲዱ ያስወጣው አንደኛ የወጣው ዘፈን ነው፣ ፎቶውን መቅደዴ ወደ ትክክለኛው መንገድ መለሰኝ ትላለች። እኔም አልበሞቹን በቅደም ተከተል ስሰማቸው የማገኘው ይህንኑ ነው። በ2005 ኪንግስተን፣ ጃማይካ ወርዳ ከሬጌ ከበሮና ቤዝ መቺዎቹ ከስላይና ከሮቢ ጋር የራስታዎችን ዘፈን ቀረጸች። የዚያ አልበም መዝጊያ ምን እንደሆነ ገምቱ። የጃንሆይ ቃል ነው፣ ሦስተኛ ጊዜ፣ አሁን በባንድ። ድምጿ ወፍሯል፤ አትጮኽም። ሰው የኖረበትን ነገር እንደሚናገር ነው የምትለው።

በ1999 ከሮም በተነጠለ ቡድን ቅስና ተቀበለች፣ በ2018 ሰለመችና ሹሃዳ ተባለች። ይህን የሚያሾፉበት ብዙ ናቸው። እኔ ያየሁት እግዚአብሔርን ፍለጋ ሌሊት ተነስቶ በየበሩ የሚያንኳኳ ሰው ነው። በሽታዋንም ሐዘኗንም አልደበቀችም። በጃንዋሪ 2022 የ17 ዓመት ልጇን አጣች። እዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

በማርች 2023 ደብሊን ውስጥ ያ ሁለተኛው አልበሟ ሽልማት ተሰጠው። በዚያ ብርድ ወራት ስደተኛን የሚቃወም ሰልፍ በየሰፈሩ ነበር፤ ሥራ ስሄድ መንገድ የምቀይርበት ቀን ነበረኝ። እሷ መድረክ ላይ ወጣችና ሽልማቱን በአየርላንድ ላሉ ስደተኞች ሁሉ አበረከትኩ፣ ለዩክሬናውያኑ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ እወዳችኋለሁ አለች። ስልኬ ላይ ሦስት ጊዜ አየሁት። ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም በቴሌቪዥን ቀርቦ እንኳን ደህና መጣህ አላለኝም ነበር።

ጁላይ 26 ለንደን ውስጥ አረፈች፤ 56 ዓመቷ ነበር። ያን ማታ ሥራ ስገባ ሬዲዮው እየነገረ ነው፤ እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። አላናገርኳቸውም።

ኦገስት 8 በዳርት ባቡር ወደ ብሬይ ሄድኩ፤ ብዙ ዓመት የኖረችበት የባሕር ዳር ከተማ ነው። የባሕሩ ዳር መንገድ በሺዎች በሚቆጠር ሰው ተሞልቷል። በድሮ ቤቷ ደጃፍ አበባና በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተደርድሯል። የሺፍት ፕሮግራሜን ወረቀት ገልብጬ በአማርኛ «ነፍስሽን በገነት ያኑርልን፤ የጃንሆይን ቃል ስላደረስሽልን እናመሰግናለን» ብዬ ጽፌ ድንጋይ ጫንኩበት። አጠገቤ የቆመች ልጅ ያዘለች ሴት የምን ፊደል ነው ብላ ጠየቀችኝ። ስነግራት አንብብልኝ አለች፤ አነበብኩላት። ያኔ የቦብ ማርሌን ዘፈን በትልቅ ድምጽ የከፈተች የድሮ ቮልስዋገን መኪና ከአስከሬኑ ፊት እየመራች መጣች፤ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ለቅሶ ላይ ሲጨበጨብ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እኔም አጨበጨብኩ።

ማታ ሥራ ገባሁ። እማማ ነቅተው ጠበቁኝ።

«ብዙ ሰው ነበር?»

«መንገዱ ሙሉ።»

«ማን ጸለየላት?»

«ኢማም ነው የጸለየላት። ፕሬዚዳንቱም መጥተው ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ትራሳቸውን ካስተካከልኩላቸው በኋላ ስልክህ ላይ ክፈትልኝ አሉ።

«የትኛውን?»

«ያን የጣልኩትን» አሉኝ። «ከመጀመሪያው ጀምረው።»